የአባዬ የጎማ መፍቻ

አባዬ አይዘምርም ነበር። ዲያቆን ሆኖ! እሑድ እሑድ ምእመኑ ሁሉ ተነስቶ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ሲዘምር እሱ ከፊተኛው ወንበር አፉን ግጥም አድርጎ ጫማውን ያያል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች «ቨርና፣ አባትሽ ድዳ ነው እንዴ?» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። እኔም የራሴን መልስ አግኝቼለት ነበር፤ አባዬ ዜማ ይጠላል። የዓለሙንም የመንፈሱንም፣ ሁሉንም ይጠላል። ስምንት ዓመት ለሆናት ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል?

ችግሩ እህቴ ክሎዴት ዘፋኝ ነበረች።

ያኔ ክሎዴት ሃያ ዓመቷ ነው። ዘመኑ ልጃገረድ ሁሉ ሦስት ሦስት እየሆነች፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ ዓይነት ዊግ ደፍታ፣ መስተዋት ፊት እጇን የምታወናጭፍበት ዘመን ነበር። እሷም ከሁለት ጓደኞቿ ጋር «ኮራሌትስ» ተብለው ሲንሲናቲ ውስጥ ያልዘፈኑበት የዳንስ አዳራሽ አልነበረም። አንድ ሸክላ አሳትመው ሬዲዮ ላይ ይሰማ ጀመር። አባዬ መጀመሪያ ድምጿን በሬዲዮ የሰማ ቀን ምሳ እየበላ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ተነሳ፣ ሬዲዮውን አጠፋ። አልተቆጣም፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ኮፍያውን አንስቶ ወደ ሳሙና ፋብሪካው፣ ወደ ሥራው ሄደ።

ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሚቆጣ ሰው ይበርድለታል። ዝም ያለ ሰው ግን ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል?

መኝታ ክፍላችን ወለል ላይ የማሞቂያ ፍርግርግ አለ፣ ከሥሩ ወጥ ቤቱ ነው። እኔ እዚያ ላይ በሆዴ ተኝቼ የቤቱን ወሬ ሁሉ ስለቅም ነው ያደግኩት። ያን መስከረም፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ አባዬና እማዬ ከታች ሆነው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ሰኞ ነው የሚሄዱት» አለች እማዬ። «በሮስኮ መኪና። ሮስኮ ራሱ ይነዳል።»

«ሮስኮ ማነው?» አለ አባዬ። «ያ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛው ውርጋጥ?»

«ሥራ አስኪያጃቸው ነው እኮ፣ ሩፈስ» አለችው አባዬን።

«አፉ ወተት ወተት የሚሸት ሥራ አስኪያጅ! ከወንዙ ማዶ አንድ ቀን እንኳ መንዳቱን ጠይቀሽዋል?»

ከወንዙ ማዶ ኬንተኪ ነው። ከኬንተኪ ወዲያ ያለውን ደቡብ ደግሞ እኛ ቤት ማንም በስሙ አይጠራውም ነበር፤ «ታች» ይባላል።

«ጊዜው ተለውጧል እኮ» አለች እማዬ። «ጥቁር ሰው የትም እንዲገባ ሕጉ ወጥቷል።»

«ሕጉ የወጣው ዋሽንግተን ነው። ለመንገዱ ማን ነገረው?»

ከዚያ የአባዬ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ። «ስሚኝ ኔሊ። እኔ ሁለተኛ ሬሳ አልሸከምም። ታች ወርዳ ከምትዘፍን እግሯ ተሰብሮ እዚሁ ቤቴ ብትቀመጥ ይሻለኛል።»

«ኧረ ቀስ በል፣ ልጅቷ ትሰማለች!»

ልጅቷማ ሰምታለች። አባዬ የክሎዴትን እግር ሊሰብር ነው። እምቢ ካለችው ደግሞ ሬሳ አለ። «ሁለተኛ» ያለው እንዴት እንደሆነ አልገባኝም፤ የመጀመሪያውን ማን እንደገደለው ለመጠየቅም ፈራሁ። እማዬ ኋላ እንደነገረችኝ፣ አባዬ ያን ሲናገር ቁምሳጥኑ ላይ የምትቆመውን ፎቶ በእጁ ይዞ ነበር። አራት ወጣቶች ነጭ ሱፍ ለብሰው የተነሱት ፎቶ ነው። እኔ የቤተ ክርስቲያን አስተናጋጆች ይመስሉኝ ነበር። አንደኛው አባዬ ነው፣ ከጎኑ እየሳቀ ያለው ታናሽ ወንድሙ ሉተር። አጎቴ ሉተር እኔ ሳልወለድ በመኪና አደጋ ሞተ ነው የሚባለው።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። የክሎዴትን የሚያብረቀርቅ ቀሚስ በአንሶላ ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች፤ ራሷ ናት የሰፋችው።

«ምስጢር መያዝ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እህትሽ ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓቱ የዳንስ ፕሮግራም ቴሌቪዥን ላይ ትወጣለች። እኔ ለማልበስ አብሬያት እሄዳለሁ። አባትሽን የሴቶች ማኅበር ምግብ ልናበስል ነው ብዬዋለሁ። ከሌሊት ፈረቃ መጥቶ ተኝቷል፣ እስኪመሽ አይነቃም። አንቺ ስልኩን ትጠብቂያለሽ።»

ስልኩን ለምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አላስፈለጋትም። የእኛ ሰፈር ሰው ያውቀዋል። በዚያን ጊዜ ጥቁር ሰው ቴሌቪዥን ላይ ከወጣ፣ ለአንዲት ደቂቃም ይሁን፣ ሠራተኛ ሆኖ ትሪ ይዞም ይለፍ፣ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ያብዳል። «ቶሎ ክፈቱ! የእኛ ሰው ወጥቷል!» አንዱ ለአንዱ፣ ያኛው ለሌላው። የተኮራረፈ ሳይቀር ይደዋወላል። ሰው ድስቱን እሳት ላይ ጥሎ ይሮጣል። የዲያቆን ጋዲስ ልጅ ወጥታማ ስልካችን አይጮህም ማለት ዘበት ነው።

«እጀታውን አንስተሽ ጎን አስቀምጪው» አለች እማዬ። «ከዚያ ቁጭ በይና ዝም በይ።»

እንደተባልኩት አደረግኩ። የስልኩን እጀታ ከነገመዱ ትራስ ሥር ቀበርኩት። ጥቂት ጮኸና ዝም አለ። ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። የአባዬ ማንኮራፋት ከላይ ይሰማል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ጥግ ላይ ቆሟል፣ እህቴ እዚያ ውስጥ ልትገባ ነው፣ እኔ ልከፍተው አልችልም። እንዲህ ያለ ግፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እማዬ አንድ ነገር ረስታለች። የኛ ሰፈር ሰው ስልክ አልገባ ካለው በእግሩ ይመጣል።

በሩ ሊገነጠል ደረሰ። «ዲያቆን! ዲያቆን ጋዲስ! ቤት የለህም?» የፊት ለፊቱ ጎረቤታችን ሚስተር ሀባርድ ነው። በሩን ስከፍት ገፍቶኝ ገባ፤ ሚስቱ በእጇ የዶሮ ጥብስ ሳህን እንደያዘች ከኋላው፣ ልጆቻቸው ከኋላዋ።

«ስልካችሁ ምን ሆነ? የእህትሽ ነገር እኮ ነው! ሊጀምር ነው!»

«አባዬ ተኝቷል!» አልኩ እያለቀስኩ።

«ታዲያ ይነሳ! እንቅልፍ የት ይሄድበታል?»

ሚስተር ሀባርድ ሄዶ ቴሌቪዥኑን ከፈተው። እንደዛሬው ቶሎ አይበራም፣ እስኪሞቅ ይጠበቃል። መጀመሪያ ጭብጨባው መጣ፣ ምስሉ ግን የለም። ከላይ ማንኮራፋቱ ቆመ። ከዚያ ደረጃው ሲንቋቋ ሰማሁ። አባዬ በካልሲው፣ የሱሪው ማንገቻ ተንጠልጥሎ ወረደ። እኔ ሮጬ ሄጄ በሁለት እጄ ስክሪኑን ሸፈንኩት።

«ዞር በይ፣ ቨርና» አለ።

«ተበላሽቷል አባዬ።»

«ዞር በይ።»

ዞር አልኩ። ምስሉ ቀስ እያለ ከመሃል ተከፈተ፣ እዚያ ውስጥ ክሎዴት ቆማለች። የእማዬ ቀሚስ ላይዋ ላይ ያበራል፣ ሽፋሽፍቷ መጥረጊያ አክሏል። ስትጀምር ወይዘሮ ሀባርድ «ኢየሱስ!» ብላ ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ቤታችን ውስጥ መደርደሪያ ስታጸዳ የምታንጎራጉርባት ድምፅ ናት፣ ግን ያን ያህል ትልቅ እንደነበረች አላውቅም ነበር። የሀባርድ ልጆች ይጨፍራሉ። እኔ የማየው አባዬን ነው። ግድግዳውን በእጁ ይዞ ቆሟል፣ መንጋጋው የሆነ ነገር እንደሚያኝክ ይንቀሳቀሳል። ይሄኔ ነው ያለቀልን አልኩ።

ዘፈኑ አልቆ አስተዋዋቂው ማይኩን ይዞ መጣ። ጥርሱ ብዙ ነው። «እንዴት ያሉ ልጆች ናቸው! ደግሞ ስላገኛችኋቸው ዕድለኞች ናችሁ፣ ዛሬውኑ ከዚህ ስቱዲዮ በቀጥታ ወደ ደቡብ ነው ጉዟቸው! ነገ ኖክስቪል፣ ከዚያ ጆርጂያን ከዳር እስከ ዳር!»

«ዛሬ?» አለ አባዬ።

ሚስተር ሀባርድ «እንኳን ደስ ያለህ!» ብሎ ትከሻውን መታው። አባዬ አልሰማውም። የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ በመስኮቱ ፀሐይዋን አየ፣ እንደገና ሰዓቱን አየ። ከዚያ መሮጥ ጀመረ። አባዬ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

የወይዘሮ ሀባርድን ዶሮ ጠቅላላውን የጫማ ካርቶን ውስጥ ገለበጠው። ፔርሙዙን አነሳ። ከአልጋው ብርድ ልብሱን ገፈፈ፣ ከጓሮ ባልዲና ገመድ ይዞ መጣ። ከቁምሳጥኑ ሥር የሆነ አሮጌ የሹፌር ኮፍያ አወጣ። በመጨረሻም ከምድር ቤት የጎማ መፍቻውን ይዞ ወጣ። ያ ብረት ክንዴን ያህል ርዝመት አለው፤ አባዬ ሱቅ ድረስ እንኳ ያለ እሱ መኪናውን አያስነሳም ነበር።

ገመድ፣ ብርድ ልብስ፣ ብረት። ለእኔ ጉዳዩ ያለቀለት ነበር። በብረቱ እግሯን ይሰብራል፣ በገመዱ ያስራታል፣ በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ያመጣታል። ባልዲው ለደሙ ነው።

ዕቃውን ሁሉ መኪናው ውስጥ ጭኖ፣ «ቨርናን ያዙልኝ» ብሎ ወይዘሮ ሀባርድን አዘዛትና ጫማውን ፍለጋ ተመለሰ። ሴትዮዋ ግን ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ሹልክ ብዬ ወጣሁና የቢዊክ መኪናችንን የኋላ በር ከፍቼ፣ ወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ብርድ ልብሱን በላዬ ሳብኩት። ምን ላደርግ እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ። እነክሰዋለሁ ብዬ ይሆናል።

መኪናው ተነሳ። አነዳዱ ያስፈራል። መታጠፊያ ላይ ባልዲው እየተንከባለለ ጭንቅላቴን ይመታኛል፣ እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ዝም። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም አባዬ መሪውን ይደበድባል። «ፀሐይዋ፣ ፀሐይዋ» ይላል። አንዴ ደግሞ «ሉተር፣ ወንድሜ፣ ያዝልኝ» አለ። የሞተ ሰው ለግድያ ሲጠራ መስማት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም።

ከስቱዲዮው በስተጀርባ ጠባብ መንገድ አለ። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። የሮስኮ ረጅም መኪና እዚያ ቆሟል፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣ ተከምሯል፣ ጎኑ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በወርቅ ቀለም «ኮራሌትስ» የሚል ተጽፏል። ሮስኮ በመሐረብ ፊደሎቹን ይወለውላል። ሁለቱ የክሎዴት ጓደኞች ከውስጥ ናቸው። እማዬ የክሎዴትን ዚፕ እያስተካከለች ነው። አባዬ ፍሬን ያዘ፣ ብረቱን ከጎኑ አንስቶ ወረደ፣ በሩን እንኳ አልዘጋም። ቀጥ ብሎ ሄደ።

ክሎዴት አየችው። አልሸሸችም። ሁለት እጇን ቀሚሷ ላይ አድርጋ ቆመች።

«አባዬ» አለች። «ብትመታኝም እሄዳለሁ።»

እኔ በዚያች ሰዓት ከመኪናው ወርጄ እየሮጥኩ ነበር። እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ሱሪውን ነከስኩ፣ «አትግደላት! አትግደላት!» እያልኩ ጮኽኩ። ከስቱዲዮው በር አንድ ዘበኛ ብቅ ብሎ አየንና ተመልሶ ገባ።

አባዬ ወደ ታች አየኝ። ከየት እንደመጣሁ አልገባውም። ከዚያ በእጁ ያለውን ብረት አየ፣ ክሎዴትን አየ፣ እኔን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ማን ነው የሚገድላት?» አለ። «እኔ? ልጄን?»

«እግሯን እሰብራለሁ ብለሃል! ሬሳ ብለሃል!»

«አምላኬ ሆይ!» አለችና እማዬ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች።

አባዬ የሮስኮ መኪና መከላከያ ላይ ቁጭ አለ። ብረቱን ጭኑ ላይ አጋደመው። ከዚያ ወደ መኪናው ጎን ዞሮ በጣቱ አመለከተ።

«ይሄን ማነው የጻፈው?»

«እ... እኔ ነኝ፣ ሚስተር ጋዲስ» አለ ሮስኮ። «ማስታወቂያ ነው።»

«ለማን ነው የምታስተዋውቀው? ለየመንደሩ ሸሪፍና ፖሊስ? የጎማ መፍቻ ይዘሃል?»

«መቼም ይኖራል... አላየሁም።»

«አላየህም።» አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለክሎዴት ብቻ የሚናገር መስሎ ጀመረ። «አጎትሽ ሉተር በአደጋ ነው የሞተው ብዬሻለሁ። ውሸቴን ነው። አራት ነበርን። መዝሙር ነበር የምንዘምረው፣ እንዲህ ያለ ዘፈን እንኳ አይደለም። ሉተር የመኪናችን በር ላይ ስማችንን በወርቅ ቀለም አስጽፎ፣ ደስ ብሎት፣ እየዞረ ያየው ነበር። ጆርጂያ ውስጥ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማ አለን፣ መፍቻው የለም። እኔ ነኝ ለጎረቤት አውሼው የረሳሁት። ሉተር ‹ሰው እስኪመጣ እንዘምር› አለ። ዘመርን። ድምፃችንን ሰምተው ነጭ ሰዎች መጡ።»

«ከዚያስ አባዬ?» አልኩ።

እማዬ ከኋላዬ መጥታ አፌን በእጇ ያዘችኝ። ስለዚያ ምሽት ያን ቀን ከዚያ በላይ አልተናገረም። እስኪሞት ድረስም ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ክሎዴት ስታለቅስ የተለጠፈው ሽፋሽፍቷ አንደኛው ተነቅሎ ጉንጯ ላይ ወረደ። «እኔ እኮ የምታፍርብኝ መስሎኝ ነው» አለች። «ሬዲዮውን ስታጠፋው...»

«ላፍርብሽ? ድምፅሽ የእሱ ድምፅ ነው። ሉተር የተነሳ መስሎኝ ደነገጥኩ እንጂ!» አባዬ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «አትቀሪም አይደል?»

«አልቀርም።»

«አውቃለሁ። የሉተር ነገር ነው።» ተነሳ። «አንተ፣ ቁልፉን አምጣ።»

ሮስኮ ቁልፉን ሰጠው። አባዬ ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር እፍኝ ጭቃ ዘገነና የወርቁን ፊደል ይለቀልቀው ጀመር፤ ሮስኮ እያየ ሊያለቅስ ደረሰ። «አይዞህ፣ ከአዳራሹ በር ስንደርስ ታጥበዋለህ» አለው። «ማለት ነገ። ዛሬ አንተ የኔን ቢዊክ ይዘህ እነዚህን ቤት ታደርሳለህ። ነገ በአውቶቡስ፣ በቀን፣ ኖክስቪል ትመጣለህ።» ልጆቹን የሚያብረቀርቀውን አስወልቆ የቤት ቀሚስ አስለበሳቸው። ገመዱን ወደ ጣሪያው ወረወረና የሚወላለቀውን ሻንጣ አሰረበት። የዶሮውን ካርቶን አቀበላቸው። ባልዲውን ሲያስገባ አንደኛዋ ልጅ «ይሄ ደግሞ ለምንድነው?» አለች።

«መጸዳጃ ቤት የሚከለክሉሽ ቦታ ስትደርሺ ይገባሻል።»

የሹፌር ኮፍያውን ደፋ። ታች ጥሩ መኪና የያዘ ጥቁር ሰው የራሱ ከሆነ ያስቆሙታል፣ የነጭ ጌታው ከመሰላቸው ያሳልፉታል፤ ለዚያ ነው አባዬ ያን ኮፍያ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያስቀመጠው። የጎማ መፍቻውን ከእግሩ ሥር አደረገ።

«ሌክሲንግተን የማውቃቸው ሴትዮ አሉ፣ ዛሬ እዚያ እናድራለን» አላት እማዬን። «ሳይጨልም እንገባለን። ፋብሪካው ከደወለ ታሟል በይ።»

«ዲያቆን ሆነህ!» አለች እማዬ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«ታምሜያለሁ። ውሸት አይደለም።»

ሁሉም ደህና ተመለሱ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ያን ጊዜ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ስንት ቀን ጥፍሬን በልቻለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች «ከዘፋኞች ጋር ይዞራል» ብለው ዲያቆንነቱን ገፈፉት። እሱም ክሎዴት መዝፈን እስክታቆም ድረስ ሲነዳ ኖረ። ብረቱ ዛሬ የኔ መኪና ውስጥ ነው። ልጆቼ ስልክ ደውለሽ ተጎታች አትጠሪም ወይ እያሉ ይስቁብኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ በሏቸው።

ያን ቅዳሜ ግን እኔ፣ እማዬና ሮስኮ በጠባቡ መንገድ ላይ ቆመን ነበር። መኪናው በጭቃ የተለቀለቀ ጎኑን እያሳየን ወደ ድልድዩ ታጠፈ። መስኮቶቹ ክፍት ናቸው። ክሎዴት ድምጿ ገና እየተንቀጠቀጠ የሆነ መዝሙር ጀመረች፣ ልጆቹ ተከተሏት። ከዚያ ከሥራቸው፣ ከታች፣ ዝገት ያለበት የሚመስል ወፍራም የወንድ ድምፅ ተነሳ። አንዴ ተቋረጠ። ቀጠለ። እማዬ የያዘችውን እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው።

ሮስኮ አንገቱን አስግጎ «ማነው እሱ?» አለ።

«እኔ እንጃ» አልኩት። «ሰምቼው አላውቅም።»